በርሜሉን የሚከድነው ማን ነው? ከሳይንስ ዜና ልብወለድ ለማውጣት ለሚፈልጉ

ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ በሚገኘው የአክስቴ ግቢ፣ ከማድ ቤቱ ጎን፣ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አለ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል እንደ አንድ የቤተሰብ አባል ነው፤ ሲሞላ ቤቱ ይረጋጋል፣ ሲጎድል ሰው ሁሉ ይነጫነጫል። የራሱ ክዳን ከጠፋ ብዙ ዓመት ስለሆነው የሚከደነው በአንድ ሰፊ የአልሙኒየም ትሪ ነው። እንግዳ ሲመጣ ትሪው ይነሳል፣ ይታጠባል፣ ስኒ ይደረደርበታል፤ እንግዳው ተሸኝቶ እስኪሄድ ድረስም በርሜሉ አፉን እንደከፈተ ይቆያል። ይህን ትሪ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬያለሁ። የልብወለድ መነሻ ሊሆን እንደሚችል የገባኝ ግን በ2014 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዓመት በጋ፣ ወባ በማይጠበቅበት ደረቅ ወቅት፣ ድሬዳዋ ውስጥ የወባ ሕሙማን ቁጥር ባልተለመደ ሁኔታ አሻቀበ። ጉዳዩን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ሜዲሲን በተባለው መጽሔት ባወጡት ውጤት ወረርሽኙን አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከተባለች የትንኝ ዝርያ ጋር አያያዙት። ይህች ትንኝ የመጣችው ከደቡብ እስያና ከአረብ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ሲሆን፣ በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ውስጥ፣ በአገራችን ደግሞ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ነባሮቹ የወባ ትንኞች የዝናብ ኩሬ ሲፈልጉ እሷ ሰው ባጠራቀመው ውኃ ውስጥ ትራባለች፤ በርሜል፣ ታንከርና ለግንባታ የተቆፈረ ጉድጓድ ይበቃታል። የከተማ ትንኝ ናት ማለት ይቻላል።

ዜናውን እንዳነበብኩ ታሪክ ለመጻፍ ተቀመጥኩ፤ የጻፍኩት ግን አሳፋሪ ነበር። በድብቅ ቤተ ሙከራ ትንኝ የሚያዳቅል ክፉ ሳይንቲስት፣ እሱን የሚያሳድድ መርማሪ፣ መጨረሻው ላይም ፍንዳታ ነበረበት። ከሰዓት በኋላ ለአክስቴ አነበብኩላት። ሆጃዋን እየጠጣች እስከ ፍንዳታው ድረስ በትዕግሥት ካዳመጠችኝ በኋላ፣ «አንተ ልጅ፣ እዚህ ታሪክ ውስጥ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው?» አለችኝ። ማንም አይቀዳም ነበር።

ከዚያ ጥያቄ በኋላ የያዝኩትን አሠራር የሳይንስ ልብወለድ ለመጻፍ ለሚያስቡ ጀማሪዎች እንዲጠቅም እዚህ አስፍሬዋለሁ። ሐሳቤ አንድ ነው፦ ከሳይንስ ዜና ውስጥ ግኝቱን ትተው ገደቡን ይውሰዱ። ግኝቱ የተመራማሪዎቹ ነው፤ እነሱ ከእርስዎ በተሻለ ጽፈውታል። ገደቡ ግን፣ ማለትም ግኝቱ የማይችለው፣ የሚጠይቀው ወጪና የሚጭነው ሥራ፣ ዞሮ ዞሮ አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ያርፋል፤ ባለታሪክዎም የሚኖረው እዚያ ነው።

ዜናው ያለፈባቸው እጆች

አንድ የሳይንስ ዜና እኛ ጋ ሲደርስ በብዙ እጅ አልፏል። ተመራማሪዎች ጥናት ይጽፋሉ፤ የዩኒቨርሲቲያቸው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ከጥናቱ መግለጫ ያወጣል፤ ጋዜጠኛ መግለጫውን አሳጥሮ ርዕስ ይሰጠዋል፤ ሌላው ርዕሱን ብቻ ተርጉሞ ያሰራጨዋል። በእያንዳንዱ እርምጃ «ምናልባት» የምትለው ቃል ትንሽ ትንሽ እየተሸረፈች መጨረሻ ላይ ትጠፋለች። ስለዚህ አንድ ዜና ሲማርክዎ በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ ተመልሰው እስከ ጥናቱ ይሂዱ። ሙሉውን መረዳት ግዴታ አይደለም፤ እኔም ቀመሮቹን እዘላቸዋለሁ። አጭሩን መግቢያና ወደ መጨረሻው ገደማ ተመራማሪዎቹ የሥራቸውን ጉድለት የሚናገሩበትን ክፍል ግን ሳያነቡ አይለፉ። ጋዜጠኛ በብዛት የሚዘለው ይህን ክፍል ነው፤ ለእኛ ደግሞ ከሁሉም የሚጠቅመን እሱ ነው።

ለዚህ የምወደው ምሳሌ የኒውትሪኖ፣ ማለትም ከአቶም እጅግ የምታንሰው ቅንጣት፣ ጉዳይ ነው። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ኦፔራ የተባለው የምርምር ቡድን፣ ጄኔቭ አጠገብ ካለው ሰርን የተባለ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ተነስተው 730 ኪሎ ሜትር ያህል ከምድር በታች ተጉዘው ጣሊያን ግራን ሳሶ የሚደርሱ ኒውትሪኖዎች ብርሃን ሊወስድበት ከሚገባው ጊዜ 60 ናኖ ሰከንድ ያህል ቀድመው ደረሱ ሲል አስታወቀ። የዓለም ጋዜጦች ከብርሃን የሚፈጥን የለም ያለው የአንስታይን ዘመን አበቃ ለማለት ተቻኮሉ፤ ተመራማሪዎቹ ግን ውጤቱ ራሳቸውንም ስላስገረማቸው ሌሎች እንዲፈትሹላቸው ነበር የጠየቁት። ከወራት በኋላ ዋናው ጥፋት ተገኘ፤ አንድ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ መሰኪያው ላይ በደንብ አልገጠመም ነበር። በዚያ ሰሞን ከብርሃን ስለሚፈጥን መርከብ የጻፈ ሁሉ ታሪኩ በአንድ ገመድ ተበላሸበት። ስለ ገመዱ የሚጽፍ ሰው ግን አሁንም ታሪክ አለው። ያልገጠመውን ገመድ በእጁ ነክቶ ያገኘው ሰው፣ ዓለም በሙሉ እየጠበቀ፣ ለአለቃው እንዴት ብሎ ነገረው? ይህ በየትኛውም መሥሪያ ቤት የሠራ አንባቢ የሚገባው ጭንቀት ነው።

ከቅርቡ ደግሞ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ስለ ኬ2-18ቢ የተባለውን እናስታውስ። ከምድር 124 የብርሃን ዓመት በሚርቀው በዚህ ፕላኔት ከባቢ አየር ውስጥ፣ በምድራችን በዋናነት የባሕር ደቂቅ ተክሎች የሚያመነጩት ዳይሜትል ሰልፋይድ የተባለ ኬሚካል ምልክት በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ እንደታየ ተነገረ። የዜናዎቹ ርዕስ «ሕይወት ተገኘ» ለማለት ትንሽ ነበር የቀረው። የውጤቱ ጥንካሬ ግን፣ ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑ በሚለካበት ሲግማ በተባለ መለኪያ፣ 3 ሲግማ ሲሆን፣ በዘርፉ አንድ ነገር ግኝት ለመባል የሚጠበቅበት 5 ሲግማ ነው፤ ያንኑ መረጃ እንደገና የመረመሩ ሌሎች ባለሙያዎችም ምልክቱ አሳማኝ ሆኖ አልታያቸውም። እኔ ከዚህ ዜና ለደብተሬ የወሰድኩት ርቀቱን ነው። ቴሌስኮፑ የያዘው ብርሃን ጉዞ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1901 ገደማ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ዛሬ ከዚራ ከሚባለው ቦታ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ስለሆነ ያን ጊዜ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አልነበረችም፤ ብርሃኑም ባቡሩም ገና መንገድ ላይ ነበሩ። 124 የብርሃን ዓመት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም፤ አንባቢዎ ቁጥር እንዲሰማው ከፈለጉ እርስዎም ከሚኖርበት ቦታ ዕድሜና ርቀት ጋር ያጋጥሙለት።

ክዳኑን ማንሳት

ለእያንዳንዱ ዜና የደብተርዎን ገጽ ለሁለት ይክፈሉት። በአንዱ በኩል የተረጋገጠውን፣ በሌላው በኩል ያ የተረጋገጠ ነገር በአንድ ቤት ውስጥ ማንን ምን እንደሚያሠራ ይጻፉ። ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነብዎ ዜናውን አልጨረሱትም ማለት ነው፤ ወይም ደግሞ ለሌላ ጸሐፊ የሚስማማ ዜና ነው።

የትንኟን ገጽ ስሞላ መጀመሪያ ያደረግኩት የአክስቴን ትሪ አንስቶ በስልኬ መብራት ውስጡን ማየት ነበር። ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ መልኩን አይቶ የሚጠረጥር አይኖርም። ትንሽ ቆይቶ ከበርሜሉ ጠርዝ አጠገብ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ቀጫጭን እጮች ይታያሉ። የእጄ ጥላ ሲያርፍባቸው እየተቅበጠበጡ ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ ዝም ብለው ከጠበቋቸው አንድ በአንድ ተመልሰው ይወጣሉ። የወባ ትንኝ እጭ የምትታወቀው በአተኛኘቷ ነው፤ ሌሎቹ የትንኝ እጮች ጭራቸውን ከውኃው ገጽ አስነክተው ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ሲዘቀዝቁ፣ የአኖፌለስ እጭ መተንፈሻ ቱቦ ስለሌላት ከውኃው ገጽ ጋር እኩል ሆና ትጋደማለች። እኔ ካየኋቸው መካከል የተጋደሙ ነበሩ። ይህን ከየትኛውም ጽሑፍ ባነበው ኖሮ እንደዚያ ቀን አያስደነግጠኝም ነበር፤ ውኃው የምንጠጣው ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ዓምዶች ራሳቸው መነጋገር ጀመሩ። በግራ በኩል እንቁላል ትንኝ እስኪሆን እንደ ሙቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ ጻፍኩ። ስለዚህ በርሜሉን በየሳምንቱ አራግፎ ውስጡን የፈገፈገ ሰው ዑደቱን ይሰብረዋል፤ ምክሩ ትክክል ነው። በቀኝ በኩል ደግሞ ውኃ በፈረቃ በሚያገኝ ቤት ሙሉ በርሜል ማራገፍ ምን ማለት እንደሆነ ጻፍኩ። አክስቴ ይህን ምክር ስነግራት አየችኝና ሳቀች፤ ሌላ መልስም አልሰጠችኝም። ትክክለኛ ምክርና ሊፈጸም የማይችል ምክር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ ታሪክዎ ተጀምሯል።

ቦታም ገደብ ይሰጣል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመካከላቸው የደንገጎ ዳገት አለ። አደገኛው የወባ ተውሳክ፣ ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲወርድ በትንኟ አካል ውስጥ እድገቱን አይጨርስም። እንግዲህ ዓለም አንድ ሁለት ዲግሪ ስትሞቅ ወባ ደንገጎን እየወጣ ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ ውኃ የጫነ መኪና ከኋላው፣ የጀጎል ግንብ ከፊቱ። ይህን ሐሳብ እስካሁን አልጻፍኩትም፤ የፈለገ ይውሰደው። የሐረማያን ሐይቅ መድረቅና በኋላ ውኃው መመለሱን ያየ የአካባቢያችን ሰው፣ ተፈጥሮ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሊለወጥ መቻሉን ለማመን ልብወለድ አያስፈልገውም።

የሚጨመረው አንድ ነገር

የሳይንስ ልብወለድ ያልተፈጠረ ነገር ይፈልጋል፤ እንጂማ ዘገባ ይሆናል። የእኔ ልማድ በአንድ አጭር ታሪክ ውስጥ አንድ የፈጠራ ነገር ብቻ ማስገባትና የቀረውን በሙሉ እንዳለ መተው ነው። ሁለት ካስገቡ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ችግር መፍታት ይጀምራል፤ ችግሩ የተፈታበት ታሪክ ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተራ ሞባይል ስልክ የትንኝን የክንፍ ድምፅ በመቅዳት ዝርያዋን ለመለየት እንደሚያገለግል አሳይተዋል፤ እያንዳንዱ ዝርያ ክንፉን የሚያርገበግብበት ፍጥነት የራሱ ነውና። ከዚህ ተነስቼ አንድ ነገር ፈጠርኩ፦ የሚሰማ የበርሜል ክዳን። ከውስጥም ከውጭም የትንኝ ድምፅ ሲሰማ ለቀበሌው የጤና ሠራተኛ መልእክት ይልካል። ወደ ገደቡ የሚወስዱት ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። በምን ይሠራል? በባትሪ። ባትሪውን ማን ይቀይራል? መልእክቱ ሲደርስ ሰፈሩ የማን በርሜል እንደሆነ ያውቃል? ካወቀ፣ የዚያች ቤት ሴት በማግስቱ እንዴት ዕድር ትሄዳለች? በመጨረሻም ከሁሉ የከበደው መጣ፦ የትንኝን ክንፍ የሚሰማ ጆሮ ሌላ ምን ይሰማል?

እዚህ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ቆምኩ። ድምፅ መቅጃ ትንኝን ብቻ መርጦ አይሰማም፤ ማድ ቤት አጠገብ የተቀመጠ ክዳን የቤቱን ጭቅጭቅ፣ የብድሩን ወሬ፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል። መልእክት የሚልከው ስለ ትንኝ ብቻ ቢሆንም ባለቤቲቱ ይህን እንዴት ታምናለች? ስለዚህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ክዳኑን አንስታ ዕቃ ቤት ትዘጋበታለች፤ በርሜሉም እንደ ድሮው አፉን ይከፍታል። ከጻፍኩት ውስጥ የጤና ሠራተኛዋ ልጅና የበርሜሉ ባለቤት አሮጊት የሚነጋገሩበትን ቦታ ለምሳሌ አቀርባለሁ።

«እማማ፣ ክዳኑ ትናንት ለምን ተነሳ?» አለች ልጅቷ ስልኳን እያየች።

«እንግዳ መጥቶብኝ።»

«አራት ሰዓት ሙሉ?»

«እንግዳ ሰዓት ይቆጠርበታል እንዴ፣ ልጄ?»

በዚህ ንግግር ውስጥ ስለ ድምፅ መቅጃ አንድም ቃል የለም፤ አንባቢው ግን ክዳኑ መነሳቱንም እንደሚያውቅ፣ አሮጊቷም ይህን እንደምታውቅ ይረዳል። ጀማሪ ጸሐፊ በዚህ ቦታ ልጅቷን «እንደሚያውቁት ይህ መሣሪያ በክንፍ ርግብግቢት አማካይነት…» ብሎ ሊያናግራት ይቃጣዋል። እኔም ብዬ ሰርዤዋለሁ። ሰው ለሰው የሚያውቀውን አያስረዳም፤ ሳይንሱ ከባለታሪኮቹ አፍ ሳይሆን ከሚያነሱትና ከሚያስቀምጡት ነገር ይታይ።

ከቃላት ጋር ያለው ጉዳይም ከዚሁ አይርቅም። የሳይንስ ቃል ባጠረን ቁጥር ከግዕዝ ሥር አውጥተን አዲስ ቃል ለመቅረጽ እንቸኩላለን። ለመማሪያ መጽሐፍ ያስፈልግ ይሆናል፤ በልብወለድ ውስጥ ግን ባለታሪኩ የማይለውን ቃል ማስገባት ውሸት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ጣራ ላይ የተሰቀለው የፕላስቲክ ታንከር በየትኛውም ፋብሪካ ቢሠራ «ሮቶ» ነው፤ «የውኃ ማጠራቀሚያ» የሚባለው በደብዳቤ ላይ ነው። ትንኟም በብዙው ሰው አፍ «ቢምቢ» ናት። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚለውን ስም በታሪኬ ውስጥ አንዴ ብቻ ተጠቀምኩበት፤ እሱንም አንድ ወጣት ተማሪ ሲናገረው ተደናቅፎበት ሦስት ሰው ይስቅበታል።

ስለ ሥራው ሰዓት ብዙ የምለው የለኝም። በእኛ ከተማ ከቀትር በኋላ ሱቁም ይዘጋል፣ ጭንቅላትም ይዘጋል፤ እኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ሙቀቱ እስኪጀምር እጽፋለሁ፣ ከሰዓቱን ለማንበብና ሰው ለማዳመጥ አውላለሁ። መብራት ስለሚጠፋ የመጀመሪያው ረቂቅ በእጅ ጽሑፍ ነው። ለኅትመት የሚሰጡትን ጽሑፍ ግልባጭ ሁልጊዜ ያስቀሩ፤ አንድ ጊዜ 40 ገጽ በእጄ የጻፍኩትን ለአንድ መጽሔት ሰጥቼ፣ ቢሮ ሲቀይሩ ጠፋ ተብያለሁ። ዜናው ታሪክዎን ቀድሞ ቢያረጅበትም አይደንግጡ። የሚሰማ ክዳን ነገ ገበያ ላይ ቢወጣ አሮጊቷ አሁንም እንግዳ ይመጣባታል።

ረቂቁን ሲጨርሱ እንቁላል ትንኝ እስኪሆን የሚፈጀውን ያህል ጊዜ፣ ሁለት ሳምንት፣ ዘግተው ያስቀምጡት። ከዚያ ጸሐፊ ላልሆነ፣ ታሪኩ የሚናገርለትን ሥራ በየቀኑ ለሚሠራ ሰው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡለት። «ወደዱት?» ብለው አይጠይቁ፤ ይሉኝታ መልሱን ያበላሸዋል። የት ላይ እንዳቋረጠዎ ብቻ ይመዝግቡ።

አክስቴ ያቋረጠችኝ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። አሮጊቷ የሚሰማውን ክዳን ዕቃ ቤት ስትዘጋበት ራሷን እየነቀነቀች ስታዳምጥ ቆይታ፣ ድንገት ስኒዋን አስቀመጠችና «ቆይ፣ ቆይ። ትሪውስ የት ሄደ? ለምን በእሱ አልከደነችውም?» አለችኝ።

ረስቼው ነበር። በማግስቱ ሌሊት ተነስቼ ትሪውን አጥቤ፣ ስድስት ስኒ ደርድሬበት፣ በእንግዶቹ መሐል አስቀመጥኩት።